የወንዝ ዓሣና የማባበያ ቀለም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በወንዝ ላይ በሰው ሠራሽ ማባበያ ዓሣ ስለማጥመድ ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱንን ደብዳቤዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹም መሠረት በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በእረፍት ቀኔ ወደ ግልገል ግቤና ወደ ጎጀብ እየወረድኩ በመንጠቆና በምድር ትል ዓሣ አጠምዳለሁ። ሚኒሶታ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ አንድ ሣጥን ሙሉ ሰው ሠራሽ ማባበያ አመጣልኝ። ትንንሽ ዓሣ የሚመስሉ፣ እንደ ማንኪያ የተቀረጹ፣ የሚሽከረከር ምላጭ ያላቸው፣ እንዲሁም የእርሳስ ራስና የላስቲክ ጅራት ያላቸው አሉበት። ቀለማቸውም ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ብርማ፣ ወርቃማ፣ ነጭና ጥቁር ነው። በዚያ አገር ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት በእነዚህ ነው ብሎኛል። የትኛው ቀለም ለየትኛው ውኃ እንደሚሆን በምን ይታወቃል? ለእኛ ወንዝ ዓሣስ ይሠራሉ ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ ያመጡልዎት ማባበያ በአግባቡ ከተመረጠ ለእኛም ወንዝ ይሠራል። ምርጫው ግን የሚጀምረው ከሣጥኑ ሳይሆን ከወንዙ ዳር ነው። ዓሣው የት እንደተቀመጠ፣ በምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለና ማባበያው በምን ፍጥነት ቢያልፍለት እንደሚከተለው ሳይታወቅ ስለ ቀለም መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው። እነዚህ ከታወቁ በኋላ ግን ቀለም በተለይ ውኃው ሲደፈርስና ብርሃን ሲያንስ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ዎልአይ በካናዳና በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው፤ ሚኒሶታም በ1965 እ.ኤ.አ. የግዛቷ ዓሣ አድርጋ ሰይማዋለች። በአገራችን ውኃዎች ውስጥ የለም። ማባበያዎቹ ለምን በእነዚያ ቀለሞች እንደተሠሩ ለመረዳት ግን የዚህን ዓሣ ዐይን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዐይኑ ብርሃን ተቀባይ ክፍል ጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ፤ የድመት ዐይን በጨለማ ውስጥ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውም በዚሁ ዓይነት ሽፋን ምክንያት ነው። አንዴ ያለፈው ብርሃን ተመልሶ ስለሚያልፍ ዎልአይ በድንግዝግዝና በድፍርስ ውኃ ውስጥ አጥርቶ ያያል። ከዋና ዋና ምግቦቹ አንዱ የሆነው ቢጫ ፐርች የተባለው ዓሣ ይህ ሽፋን የለውም፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ አዳኙ ያያል፣ ታዳኙ ግን ይሳሳታል። በቀትር ፀሐይና በጠራ ውኃ ዎልአይ ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥላው የሚሸሸውም በዚሁ ብርሃን በሚበዛበት ዐይኑ የተነሳ ነው። ቀለም የሚለዩት የዐይኑ ሕዋሳት በዋናነት ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ ሌላው ለብርቱካናማና ለቀይ ይነቃል። በወንድምዎ ሣጥን ውስጥ ቢጫና ብርቱካናማ የበዛውም እነዚህን ቀለሞች ዎልአይ ከሌሎቹ አስቀድሞ ስለሚለያቸው ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ውኃ ለብርሃን የሚያደርገው ነገር ነው። ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ ቀይ ቀለም ጥቂት ሜትር ሳይወርድ ይጠፋል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ተከትለው ይደበዝዛሉ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ግን ወደ ጥልቁ ይዘልቃሉ። ዳር ላይ እንደ በርበሬ የቀላ ማባበያ ጥልቁ ውስጥ ሲገባ ጠቁሮ የሚታየው ለዚህ ነው። ደለል የደፈረሰው ወይም የበሰበሰ ቅጠል ያቀለመው ውኃ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ አስቀድሞ የሚዋጠው ሰማያዊው ሲሆን ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ በአንጻሩ ይቆያሉ። እጅግ ደማቅ የሚመስሉት የፍሎረሰንት ቀለሞች ሌላ ብልጫ አላቸው፤ ለዐይናችን የማይታየውን ጨረርና ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው በራሳቸው ቀለም መልሰው ስለሚያወጡት፣ ተራ ቀለም በደበዘዘበት ቦታ እነርሱ ገና ይታያሉ።

ይሁንና «ድፍርስ ውኃ ከሆነ ቢጫ» ብሎ መደምደም አይበቃም፤ ውኃውን ያደፈረሰው ምን እንደሆነም መታየት አለበት። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ባለው በኤሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ክፍል የዎልአይ አጥማጆች በየትኛው ቀለም እንደቀናቸው የመረመረ ጥናት፣ በጠራ ውኃ ነጭ፣ በደለል በደፈረሰ ውኃ ቢጫ፣ በአልጌ (በጥቃቅን የውኃ ዕፅ) አረንጓዴ በሆነ ውኃ ደግሞ ጥቁር ማባበያ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አመልክቷል። ይህ ግኝት ለእኛ አካባቢ በቀጥታ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የግልገል ግቤ ወንዝ ከዝናብ በኋላ የሚደፈርሰው ከእርሻ ማሳ ታጥቦ በሚመጣ ቀይ አፈር ነው፤ በግድቡ ማጠራቀሚያ ላይ ወይም እንደ ቦዬ ባሉ ረግረጎች ጥግ ግን ውኃው አረንጓዴ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሁለቱም «ድፍርስ» ይባላሉ፤ የሚጠይቁት ቀለም ግን አንድ አይደለም። በቀዩ ውኃ ቢጫውንና ብርቱካናማውን፣ በአረንጓዴው ውኃ ጥቁሩን ወይም ጠቆር ያለውን ያስቀድሙ።

የውኃውን ጥራት በግምት ከመናገር ይልቅ መለካት ይቻላል፤ መሣሪያውም ከቤት አይጠፋም። ነጭ የፕላስቲክ ክዳን መካከሉን በስተው ክር ያስገቡበት፤ እንዲሰጥም ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሰሩለት። የፀሐይ ነጸብራቅ እንዳያስቸግርዎ ጥላ ባረፈበት በኩል ሆነው፣ ፈሰስ በማይበረታበት ቦታ ቀስ እያሉ ወደ ውኃው ይልቀቁት። ክዳኑ ከዐይንዎ ሲሰወር ክሩን ልክ ከውኃው ገጽ ላይ በጣትዎ ይያዙና አውጥተው ይለኩት። ርቀቱ ከአንድ ክንድ ካነሰ ውኃው ለቀለም ብዙ ዕድል አይሰጥምና ደማቁን ቢጫ፣ ብርቱካናማውን ወይም ወርቃማውን ይምረጡ፤ በተለይም ክብ ምላጭ ያለውን፣ ምክንያቱም ክብ ምላጭ ሲሽከረከር ውኃውን ከቀጭኑ አብልጦ ስለሚያንቀጠቅጠው ዓሣው ሳያየው ይሰማዋል። ከአንድ ክንድ አልፎ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ከታየ ወርቃማው፣ እንዲሁም ጀርባው አረንጓዴ ሆዱ ቢጫ የሆነው ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከታየ ዓሣው አጥርቶ የሚያይበት ውኃ ነውና ብርማውን፣ ነጩንና በወንዙ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ዓሣዎች የሚመስለውን ቡናማ ይጠቀሙ፤ ምላጩም ቀጭንና ቅጠል መሰል ይሁን። ይህ ልኬት በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የቀለም ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ ሠንጠረዡ የሌላ አገር ውኃ ሲሆን ክዳኑ የሚነግርዎ ዛሬ የቆሙበትን ወንዝ ነው።

ሰዓቱም ምርጫውን ይለውጣል። በብሩህ ፀሐይ ብርማው ያብለጨልጫል፤ ደመና ሲሆን ወርቃማው ይሻላል። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስኪጨልም ባለው ጊዜ ዓሣው ከታች ሆኖ ወደ ላይ ሲመለከት የሚያየው የማባበያውን ቀለም ሳይሆን በሰማዩ ብርሃን ላይ የሚያርፈውን ጥላውን ነውና፣ ጥቁሩ ወይም ጥቁር ወይን ጠጁ ከሁሉም ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ሰዓት ቆላው ላይ ወባ እንዳለ አይዘንጉ፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ።

አሁን ወደ እኛ ዓሣዎች እንምጣ፤ ሁሉም እንደ ዎልአይ በዐይናቸው ብቻ አያድኑምና። በአካባቢያችን ወንዞች ለማባበያ የሚመጣው ቀዳሚው ዓሣ ባርበስ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ቢልጫ ይሉታል። ባርበስ ያገኘውን የሚበላ ዓሣ ነው፤ የነፍሳት ዕጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ የውኃ ዕፅ፣ ከፍ ካለም ትንንሽ ዓሣ ይበላል። መንጋጋው ጥርስ የለውም፤ የሚያኝከው በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው፤ አፉም እንደ ቱቦ ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ ከሣጥኑ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑትን ትንንሾቹን ብቻ ይምረጡለት። ለዎልአይ የተሠሩት ትልልቆቹ ዓሣ መሰል ማባበያዎች ለባርበስ አፍ አይመጥኑም። ትንሽ ወርቃማ ማንኪያ ወይም ባለ ምላጩ ማባበያ ዝግ ባለ ፍጥነት ሲሳብለት ይመታል፤ የላስቲክ ጅራት ያለው ቡናማ ማባበያም በጠጠር ላይ ሲንከባለል ዕጭ ይመስለዋል።

አምባዛ ከዚህ ይለያል። ዐይኑ ትንሽ ነው፤ ምግቡን የሚፈልገው በሽታና በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞች ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም በአብዛኛው ሌሊት ነው። ለአምባዛ በቀለም መጨነቅ አያስፈልግም፤ የእርሳስ ራስ ባለው ማባበያ ላይ የምድር ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ ይሰኩበትና ከወለሉ ላይ ያሳርፉት። በማጠራቀሚያው ላይ በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ደግሞ ዋና ምግቡ በዐይን የማይታይ የውኃ ዕፅ በመሆኑ ማባበያ ብዙም አያሳድድም፤ ጎጆውን የሚጠብቀው ወንዱ ብቻ የቀረበውን ትንሽ ማባበያ ሊያባርር ሲል ይያዛል። እንዲህ ያለውን ወንድ ከጎጆው ላይ ማንሳት ደግሞ እርባታውን ማወክ ስለሆነ አልመክርም።

ጥያቄ፦ የጅሬን ነዋሪ የሆንኩ ወጣት ነኝ። ብርማ ማንኪያ ገዝቼ ወደ ወንዙ መካከል እወረውራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ድንጋይ ይይዘዋል ወይም ባዶውን ይመለሳል። ጓደኞቼ ቀለሙን ለውጥ ይሉኛል። እውነት ችግሩ ቀለሙ ነው?

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ችግሩ ቀለሙ አይመስለኝም፤ ቀለሙን ከመለወጥዎ በፊት የሚወረውሩበትን ቦታ ይለውጡ። የወንዝ ዓሣ እንደ ዎልአይም ይሁን እንደ ባርበስ ኃይለኛውን ፈሰስ ቀኑን ሙሉ ታግሎ አይኖርም። ጉልበቱን ለመቆጠብ ዝግ ባለው ውኃ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይኛው ፈሰስ አዙሮ ይቀመጥና ፈጣኑ ውኃ የሚያመጣለትን ምግብ ይጠባበቃል። ስለዚህ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ የሚዋሰኑበትን መስመር ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አረፋና የወደቀ ቅጠል በዚያው መስመር ላይ ተሰልፎ ይጓዛል። ከትልቅ ድንጋይ በስተኋላ፣ ከድልድይ ምሰሶ ሥር፣ ወንዙ በሚታጠፍበት በውጪው በኩል በተቦረቦረው ጥልቅ ቦታ፣ ገባር ወንዝ በሚቀላቀልበት አፍ ላይም እንዲሁ ነው። ከወለሉ አጠገብ ያለው ውኃ ከላይኛው ዝግ ያለ በመሆኑ ዓሣው የሚገኘው በአብዛኛው እታች ነው።

ለእንዲህ ያለው ቦታ ማንኪያው ሳይሆን ጅግ የሚባለው፣ የእርሳስ ራስና አንድ መንጠቆ ያለው ማባበያ ይሻላል፤ መንጠቆው ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚሄድ ድንጋይ ላይ የሚያዘው ከባለ ሦስት ጫፉ መንጠቆ ይልቅ በጥቂቱ ነው። ክብደቱ ውኃው ዝግ ካለ 3 ወይም 4 ግራም፣ ፈሰሱ ከበረታ ከ7 እስከ 14 ግራም ይሁን፤ መለኪያው ወለሉን እንዲነካ የሚያስችለው ትንሹ ክብደት ነው። ከበዛ ይወሸቃል፣ ካነሰ ፈሰሱ አንሳፍፎ ይወስደዋል።

አወራወሩ እንዲህ ነው። ከሚፈልጉት ቦታ በላይ፣ በሰያፍ ወደ ላይኛው ፈሰስ ይወርውሩና ጅጉ እስኪሰጥም ክሩን ሳይረግብም ሳይወጠርም ይከተሉት። ወለሉን ሲነካ ክሩ በድንገት ይላላል፤ በዘንጉም ላይ ጠቅ የሚል ስሜት ይመጣል። ያን ጊዜ የዘንጉን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ያድርጉ፤ ጅጉ ከጠጠሩ ተነስቶ ፈሰሱ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ክሩን ሳያላሉ ቀስ ብለው ያውርዱት። ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ሲወርድ ነው፤ የሚሰማዎትም ኃይለኛ መንጠቅ ሳይሆን አንድ ቀላል ምት፣ አንዳንዴም ጅጉ መውረድ ሲገባው አለመውረዱ ብቻ ነው። ክሩ ከልክ በላይ ከላላ ይህ ሁሉ ያመልጥዎታል። ለዚህ ነው በወንዝ ጅግ የሚያጠምድ ሰው ዐይኑን ከክሩ ላይ የማይነቅለው።

መንጠቆው ከተያዘ ወደ ራስዎ አይጎትቱ፤ የበለጠ ይሰነቀራል። በዳሩ ወደ ላይኛው ፈሰስ ተራምደው በገባበት አቅጣጫ ይሳቡት። ክሩን በባዶ እጅ መጠቅለል ጣት ይቆርጣልና እንጨት ላይ ጠቅልለው ይሳቡ። የተበጠሰ ናይለን ክር ዳር ላይ አይተዉ፤ የወፍና የከብት እግር ይተበትባል። ማባበያ ለማስለቀቅ ብለውም በባዶ እግርዎ ወደ ዝግተኛው ውኃ አይግቡ፤ በጅማ አካባቢ ብዙ ውኃዎች ብልሃርዝያ አለባቸው። ጉማሬና አዞ ባለባቸው የግቤ ቆላ ክፍሎች ደግሞ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን አስበው ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብለው መወርወር የግድ ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት ወንዙ ከሰኔ ጀምሮ ደፍርሶ ይቆያል። ዘንጌን ሰቅዬ ኅዳርን ልጠብቅ ወይስ የሚሠራ ዘዴ አለ?

መልስ፦ ዘንግዎን ሙሉ በሙሉ መስቀል የለብዎትም፤ ነገር ግን በዋናው ወንዝ መካከል ማባበያ መወርወር በዚህ ወቅት ከንቱ ድካም ነው። ከደን ጥላ ሥር የሚወጡ ትንንሽ ጅረቶች ከእርሻው ወንዝ ቀድመው ይጠራሉ፤ የጠራው ውኃ ከደፈረሰው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ምግብ ፍለጋ የሚቆሙ ዓሣዎች ይገኛሉ። ደማቅ ቢጫ ጅግ ላይ የምድር ትል ሰክተው፣ ከዳሩ አንድና ሁለት ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ እጅግ በዝግታ ያንቀሳቅሱ፤ ዓሣው በቅርብ ካላገኘው አያየውምና አንድን ቦታ ደጋግመው ይፈትሹ። ወንዙ ከፍታው እየጨመረ ሳለ ከመጣር ይልቅ መጉደልና መጥራት ሲጀምር መውጣት የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ባርበስ በክረምት ዝናብ ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሮቹ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ፈጣን ውኃ ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። በዚያን ጊዜ በብዛት ተሰብስቦ ስለሚገኝ መያዙ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም ነው የሚጎዳው፤ አንዲት ዕንቁላል የያዘች ትልቅ ዓሣ ስትወጣ የመጪዎቹ ዓመታት ዓሣ አብሯት ይወጣል። በጠጠሩ ላይ ሲርመሰመሱ ካዩ ትተዋቸው ይሂዱ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃል፤ ዓሣን በመርዝና በፈንጂ መያዝ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው።

ደራሽንም ይጠንቀቁ። እርስዎ ባሉበት ሰማዩ ጠርቶ ላይኛው ተራራ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ቅጠልና ጭራሮ በድንገት መብዛት ከጀመረ ወይም የውኃው ቀለም ከተለወጠ ዕቃዎን ሳይሰበስቡም ቢሆን ወደ ከፍታው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ቀለም የሚማርከው ገዢውን እንጂ ዓሣውን አይደለም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚታዩት ብዙዎቹ ጥቃቅን ነጠብጣቦችና ሥዕሎች በወንዝ ውኃ ውስጥ አይለዩም፤ ብሩህ፣ ጥቁርና ተፈጥሮን የሚመስል ቀለም አንዳንድ ካለዎት ይበቃዎታል። ዓሣ ማባበያውን የሚያውቀው በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በጎኑ በኩል ባለው መስመር በሚሰማው ንዝረትም ነው፤ ቀለም የሚወስነው በመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር፣ ዓሣው ልንከስ ወይስ ልመለስ በሚልበት ጊዜ ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ከጓደኛዎ ጋር ቅርጹና ክብደቱ አንድ፣ ቀለሙ ሁለት የሆነ ማባበያ ይዛችሁ በአንድ ቦታ አጥምዱ፤ ለአንዱ ብቻ ከቀናው ማባበያውን ተቀያየሩ። ዕድሉ ከሰውየው ጋር ከቀረ ልዩነቱ የእጅ ነው፤ ከማባበያው ጋር ከሄደ ግን የቀለም ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በመጪው ግንቦት ልጄን ለመጠየቅ ወደ ሚኒሶታ እሄዳለሁ፤ አማቼ ዓሣ አጥማጅ ነውና ወደ ወንዝ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል። ዎልአይን በወንዝ ላይ ለማጥመድ ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሚሄዱበት ወቅት ጥሩ ነው። ዎልአይ በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ ውኃው ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ወደ ወንዞች ወጥቶ በጠጠር ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ እርስዎ ሲደርሱ ይህ አልፎ ምግብ ወደ መፈለግ የተመለሰበት ጊዜ ይሆናል። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከግድቦች በታች ያሉት አዙሪቶችና ፈሰሱን ወደ መሃል ለመግፋት ከዳር ወደ ውስጥ የተሠሩት የድንጋይ ክትሮች የታወቁ መገኛዎቹ ናቸው። ለወጣቱ የጅሬን ነዋሪ ያስረዳነው የጅግ አያያዝ መሠረቱ የዎልአይ ዘዴ ስለሆነ ሳይለወጥ ይሠራል፤ ልዩነቱ ውኃው ገና ቀዝቃዛ በመሆኑ እንቅስቃሴው ከእኛ ወንዝ ይልቅ ዝግ ማለት ያለበት መሆኑ ነው። በግንቦት የበረዶና የዝናብ ውኃ ወንዙን ስለሚያደፈርሰው ቢጫና ብርቱካናማ ጅግ ያስቀድሙ፤ ሲጠራ ወደ ነጩ ይሂዱ።

ሰዓቱን በተመለከተ አማችዎ በምሽት ቢያስወጡዎት አይደነቁ። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ዎልአይ ከጥልቁ ወደ ጠረፉ የሚጠጋውም ያን ጊዜ ነው። ሙቅ ልብስ ይያዙ።

ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሚኒሶታ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ለግዛቷ ነዋሪ ላልሆነ እንግዳም በቀናት የተወሰነ ፈቃድ ይሸጣል። በሐይቆችና በውስጥ ወንዞች የዎልአይ ወቅት የሚከፈተው በሜይ ወር አጋማሽ፣ በእኛ ግንቦት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ከዊስኮንሲን ጋር በሚዋሰኑት የወንዝ ክፍሎች ግን ሌላ ደንብ አለ። ስለዚህ አማችዎ የሚወስዱዎት ወንዝ ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ዓሣ፣ በምን ያህል ርዝመት መያዝ እንደሚፈቀድ በዚያው ዓመት ደንብ ላይ አስቀድመው እንዲያዩልዎት ይጠይቋቸው። በጣም ትልቅ ሴት ዓሣ ከያዛችሁ እጅዎን በውኃ አርጥበው፣ መንጠቆውን በጉጠት አውጥተው ይልቀቋት፤ ለማዕድ የሚሻለው መካከለኛው ነው። የዎልአይ ሥጋ ነጭና ጣዕሙ ለስላሳ ሲሆን፣ ባርበስ ሲበሉ የሚያስቸግርዎት ጥቃቅን አጥንት በአግባቡ ሲገፈፍ አይኖርበትም።